«በምንሽ ትነሻለሽ?»

«ከአልጋ የምትነሺው በምንሽ ነው?»

ሐኪሟ ይህን ሲጠይቁኝ ነገሩ ወዲያው አልገባኝም። ዝም ብዬ አየኋቸው። «ሆድሽ በኦፕሬሽን ተቆርጦ ሲሰፋ በሆድሽ ጡንቻ መነሳት አትችይም። ክንድሽን ተመርኩዘሽ ነው የምትነሺው። ክንድሽም በዚያው ቀን ከተሰፋስ? ጭንሽም ከተሰፋስ? በምንሽ ትነሻለሽ?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። እሳቸው ዘንድ የሄድኩት ሆዴን፣ ወገቤን፣ ጡቴን፣ ክንዴንና ጭኔን ባንድ ቀን ተሠርቼ ልገላገል ብዬ ነበር።

ይህን የምጽፈው ብዙ ኪሎ ቀንሳችሁ የላላውን ቆዳ ለማስወገድ ለምታስቡ ነው። ሐኪም አይደለሁም። በሦስት ኦፕሬሽን ያለፍኩ፣ በመሃልም ክፉኛ የደነገጥኩ ሰው ነኝ። ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ብዬ የተመኘሁትን ነው የማወራችሁ።

132 ኪሎ ነበርኩ። የጨጓራ ባይፓስ፣ ማለትም ጨጓራን አሳንሶ ከአንጀት ጋር በአቋራጭ የሚያገናኘውን ኦፕሬሽን፣ ከተሠራሁ በኋላ በሁለት ዓመት 74 ገባሁ። የሚያገኘኝ ሁሉ «እንኳን ደስ አለሽ» ይለኛል። እኔም ደስ ብሎኛል። ስኳሬ ተስተካክሏል፣ ጉልበቴን አያመኝም። ልብሴን ሳወልቅ ግን ሌላ ነገር ነው። የሆዴ ቆዳ እንደ ሽርጥ ወርዶ ጭኔ ላይ ያርፋል። ከሥሩ ያልበኛል፣ ይቀላል፣ ይቆስላል። ስራመድ ጭኖቼ ይፋተጋሉ። ክንዴን ሳነሳ ቆዳው ይንጠለጠላል። ስፖርት ብሠራም አልሰበሰብ አለ። ለዓመታት ተለጥጦ የኖረ ቆዳ የመሰብሰብ አቅሙን ያጣል፤ ከሥሩ ያለው ጡንቻ ቢጠነክርም ቆዳው ያው ነው። ስለዚህ «ቅንጦት ነው» የሚላችሁ ሰው ካለ አትስሙት።

መጀመሪያ ያየኝ ሐኪም ሃያ ደቂቃ እንኳ አላናገረኝም። ቆዳዬን ያዝ ለቀቅ እያደረገ አየና «አምስቱንም ባንዴ እንሠራዋለን፤ አንዴ ተኝተሽ አንዴ ትነሻለሽ» አለኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ልቤ ዘለለ። አንድ ማደንዘዣ፣ አንድ የሥራ ፈቃድ፣ አንድ የሕመም ጊዜ። ማን ይጠላል? ከታናሽ እህቴ ጋር ደረጃውን ስንወርድ ነው «ስንት ሰዓት ይፈጃል አለሽ?» ያለችኝ። አልጠየቅኩትም ነበር። ተመልሰን ጠየቅነው። «አሥር ሰዓት ገደማ» አለ፤ እንደ ቀላል ነገር። የምወስደውን መድኃኒት አልጠየቀኝም። ደም ረግቶብኝ ያውቅ እንደሆነ አልጠየቀኝም። የደም ምርመራም አላዘዘልኝም። እህቴ ሌላ ሐኪም ሳናይ አንወስንም አለች። ባለውለታዬ ናት።

ሁለተኛዋ ሐኪም አንድ ሰዓት ሙሉ አናገሩኝ። ማጣመር በራሱ ስህተት እንዳልሆነ የነገሩኝም እሳቸው ናቸው። ሆድና ጡት ባንድ ቀን የሚሠሩ ብዙ ሰዎች አሉ፣ በደህና ይወጣሉም። ጥያቄው ምን ከምን ጋር ተጣመረ፣ ስንት ሰዓት ፈጀ፣ የማን ሰውነት ላይ ነው የሚለው ነው። የራሳቸው ደንብ ከ6 ሰዓት በላይ የሚፈጅ ነገር ባንድ ቀን አለመሥራት ነው።

ለምን እንደሆነ ሲያስረዱኝ እንደ ልጅ እያዳመጥኩ ነበር። ሰው ማደንዘዣ ተሰጥቶት ሲተኛ እግሩ አይንቀሳቀስም። እግር ውስጥ ያለውን ደም ወደ ላይ የሚገፋው የባት ጡንቻ ነው፤ እሱ ሥራ ሲያቆም ደሙ ይዘገያል፣ የዘገየ ደም ደግሞ ሊረጋ ይችላል። የረጋው ተነቅሎ ሳንባ ከገባ ሰው ይሞታል። ሰዓቱ በረዘመ ቁጥር ይህ ስጋት ይጨምራል። ቆዳን ለማንሳት የተደረጉ ኦፕሬሽኖች ውስጥ ሆድ ራሱ በዚህ ስጋት የታወቀ ነው፤ ዙሪያውን ሲሆን ይብሳል።

ከዚያ ብርድ አለ። ይህን በፍጹም አስቤው አላውቅም። ሆድ፣ ጀርባ፣ ክንድ፣ ጭን ባንዴ ሲገለጥ ሰውነት ሙቀቱን ያጣል። ከ36 ዲግሪ በታች ሲወርድ ደም በቀላሉ አይቆምም፣ ቁስልም በቀላሉ ያመረቅዛል። ደሙም አለ። ከእያንዳንዱ ቁስል ትንሽ ትንሽ ይፈሳል፤ አምስት ቦታ ሲደመር ትንሽ አይደለም። ጀርባ ሲሠራ ደግሞ የደነዘዘውን ሰው በሆዱ አስተኝተው መልሰው በጀርባው ያገላብጡታል።

ከሁሉም የገረመኝ የስፌቱ ነገር ነው። የወገብ ዙሪያ፣ ማለትም ሆድና ወገብ ባንድ ላይ፣ ሲሠራ የጭኑ ቆዳ ወደ ላይ ይሳባል። የጭኑ ውስጠኛ ክፍል ባንድነት ከተሠራ ደግሞ ብሽሽት ላይ ያለው ስፌት ወደ ታች ይጎተታል። አንድ ጨርቅ ሁለት ሰዎች ከሁለት ወገን ሲስቡት ምን ይሆናል? ስፌቱ ይላቀቃል። ለዚህ ነው ብዙዎቹ ሐኪሞች ወገቡን አስቀድመው፣ ያ ከደረቀ ከወራት በኋላ ጭኑን የሚሠሩት።

ካፕሪኒ በሚባል የነጥብ መመዘኛ የደም መርጋት ስጋቴን ቆጠሩልኝ። ዕድሜዬ ከ40 አልፏል፣ 1 ነጥብ። ክብደቴ ከቁመቴ አንጻር አሁንም ትንሽ ከፍ ያለ ነው፣ 1። ኦፕሬሽኑ ከ45 ደቂቃ በላይ ይፈጃል፣ 2። ኢስትሮጅን ያለበት የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል እወስድ ነበር፣ 1። ድምሩ 5 መጣ። በዚያ መመዘኛ 5 ከፍተኛ ስጋት ካላቸው ጋር ያስመድባል። እንክብሉን ከኦፕሬሽኑ ከአራት ሳምንት በፊት አቁሚ ተባልኩ። እናንተም ሐኪማችሁ ሳይቆጥርላችሁ አትግቡ። ቤተሰብ ውስጥ ደም የረጋበት ሰው ካለ ደግሞ ሳትጠየቁ ተናገሩ፤ ያ ብቻውን 3 ነጥብ ነው።

ቀጠሮ ይይዙልኛል ብዬ ስጠብቅ ወደ ላቦራቶሪ ላኩኝ። ሄሞግሎቢኔ 9.6 ሆኖ ተገኘ፤ ደም ማነስ ማለት ነው። ብረቴ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ፕሮቲኔም ዝቅ ብሏል፣ ቫይታሚን ዲም እንዲሁ። ባይፓስ የተሠራን ሰዎች ይህ የተለመደ ጉዳያችን ነው፤ ብረትና ቢ12 እንደ ድሮው አይመጠጥልንም። እኔ ደግሞ ድካሙን «ሥራ በዝቶብኝ ነው» እያልኩ ስጎትተው ነበር። ያ የመጀመሪያው ሐኪም በዚያ ደም አሥር ሰዓት ሊያስተኛኝ ነበር። አሁንም ሳስበው ሰውነቴ ይንቀጠቀጣል።

አራት ወር ወሰደብኝ። ክኒኑ ስላልሠራልኝ ብረት በደም ሥር ተሰጠኝ። በቀን 80 ግራም ፕሮቲን እየቆጠርኩ በላሁ። ቁስል የሚደርቀው በፕሮቲን ነው፤ ሰውነት ከሌለው ከየት አምጥቶ ይጠግናል? ክብደቴም ቢያንስ ስድስት ወር ባለበት መቆሙን አዩ። ገና እየቀነሳችሁ ከሆነ ጠብቁ። ዛሬ የተወጠረው ቆዳ ነገ ተመልሶ ይላላል። አንድ ነገር ልጨምር፦ ሲጋራ የሚያጨስ ካለ ቢያንስ አራት ሳምንት በፊትና አራት ሳምንት በኋላ ማቆም አለበት። ኒኮቲን ቀጫጭኖቹን የደም ሥሮች ያጠብባል፤ የተሰፋው የቆዳ ጠርዝ ደም አጥቶ ይጠቁርና ይሞታል። በኤሌክትሪክ የሚጨሰውም ያው ኒኮቲን ነው። በመርፌ የቀነሳችሁ፣ ማለትም ሴማግሉታይድና መሰሎቹን የምትወስዱ፣ ለማደንዘዣ ሐኪሙ ሳትነግሩ እንዳትተኙ። ጨጓራ ቀስ ብሎ ባዶ እንዲሆን ስለሚያደርጉ፣ ሳትበሉ ብትገቡም ምግብ ሊኖር ይችላል፤ ያ ወደ ሳንባ ከገባ አደጋ ነው።

የመጀመሪያው ኦፕሬሽን የወገብ ዙሪያ ብቻ ነበር። ሁለት ሐኪሞች ጎን ለጎን ሠሩ፣ አምስት ሰዓት ፈጀ። ሁለት ሐኪም መሆኑ ሰዓቱን ያሳጥረዋል፤ ይህንንም ጠይቁ። እግሬ ላይ እየተነፋ የሚጨምቅ ነገር ታሰረልኝ። ማታውኑ አቁመው ጥቂት እርምጃ አስኬዱኝ። ስነቃ አራት የፈሳሽ ማውጫ ቱቦዎች ተሰክተውልኛል። በየቀኑ እህቴ ፈሳሹን ለክታ ደብተር ላይ ትጽፋለች። በ24 ሰዓት ከ30 ሚሊ ሊትር ሲያንስ ነው የሚነቀለው። የመጨረሻው በ16ኛው ቀን ወጣልኝ። ለሁለት ሳምንት ጎብጬ ሄድኩ፣ ትራስ ደራርቤ ግማሽ ቁጭ ብዬ ተኛሁ። ከአልጋ የምነሳው ደግሞ በክንዴ ነበር። አልጋው አጠገብ ከባድ ወንበር አቁመን እሱን ይዤ። የሐኪሟን ጥያቄ በእያንዳንዱ መነሳት አስታወስኩት።

በዘጠነኛው ቀን ግራ ባቴን አመመኝ። ጡንቻ የተሸማቀቀብኝ መሰለኝ። ብዙ ስለተኛሁ ነው ብዬ አሻሸሁት፤ እናንተ እንዳታሹት። እህቴ ግን አልተዋጠላትም። የልብስ ስፌት ሜትር አምጥታ ሁለቱንም ባቴን ለካች። ግራው ከቀኙ በሦስት ሴንቲሜትር በልጧል። እየተጨቃጨቅን ሆስፒታል ወሰደችኝ። አልትራሳውንድ ሲነሳ ደም ረግቷል።

ሁሉን አድርጌ ነበር እኮ። እንክብሉን አቁሜያለሁ፣ ደም እንዳይረጋ የሚሰጠውን መርፌ ተወግቻለሁ፣ ሄጃለሁ። ግን መጣ። ሳንባ አለመድረሱን አረጋገጡና ለሦስት ወር የደም ማቅጠኛ ጀመርኩ። ይህ አደጋ ከሆስፒታል ሲወጣ የሚያበቃ አይደለም። ቤት ከገባችሁ በኋላም ለሳምንታት አብሯችሁ ይቆያል።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ስለ ሕመሙ አይደለም። አንድ ነገር እየመጣ ይረብሸኝ ነበር። ያን ቀን ጭኔም አብሮ ተሰፍቶ ቢሆንስ? ሁለቱም እግሮቼ ያብጡ ነበር። ሁለቱም በፋሻ ይጠቀለሉ ነበር። ሁለቱም ያምሙኝ ነበር። የባቴን ሕመም ከስፌቱ ሕመም በምን እለየው ነበር? እህቴስ የቱን ከየቱ ጋር ታመዛዝን ነበር? ብዙ ቦታ ባንዴ ሲሠራ አንዱ ሕመም ሌላውን ይሸፍናል። ትኩሳት ቢመጣ ከየትኛው ቁስል ነው? ልብ በፍጥነት ቢመታ ከደም ማነስ ነው ወይስ ከሳንባ? ይህን ያነሳልኝ ሐኪም አልነበረም። እኔ ራሴ በጨለማ ተኝቼ የደረስኩበት ነገር ነው፤ ለኔ ከሁሉም የሚከብደው ምክንያት ይኸው ነው።

ሁለተኛው ኦፕሬሽን ከሰባት ወር በኋላ ነው የሆነው። ጡትና ክንድ፣ ሁለቱ ባንድ ላይ፣ አራት ሰዓት ተኩል። አዎ፣ አጣምሬ ነው የተሠራሁት። ሁለቱም ላይኛው ሰውነት ላይ ናቸው፣ ሳያገላብጡ ይሠራሉ፣ እግሬ ነፃ ስለሆነ ወዲያው መራመድ እችላለሁ። ሆዴ ደርቆ ጠንክሯል፣ ስለዚህ ያለ ክንድ መነሳት ቻልኩ። ደም ረግቶብኝ ስለነበር ነጥቤ በ3 ጨምሯል፤ የደም ሐኪም አየኝ፣ መርፌውም ለአራት ሳምንት እንዲቀጥል ታዘዘ።

ክንድ ሲሠራ ማንም የማያወራው ነገር አለ። እጃችሁን ከትከሻ በላይ አታነሱም። ጸጉራችሁን ሌላ ሰው ያበጥራችኋል። መጸዳጃ ቤት ገብታችሁ ራሳችሁን ማጽዳት ይከብዳችኋል። የሚያፍር ሰው አስቀድሞ ከሚረዳው ጋር ይነጋገር። እኔ ከእህቴ ጋር ቀድሜ ተነጋግሬበት ስለነበር ቀለለኝ። የክንዴ ውስጠኛው ክፍል ደግሞ ለወራት ደንዝዞ ቆየ፤ እዚያ የሚያልፍ ነርቭ ሲነካ ይከሰታል ብለው አስቀድመው ነግረውኝ ነበር። ጠባሳው ከብብት እስከ ክርን ይወርዳል። እኔ አልጸጸትም፤ ግን ፎቶ አይታችሁ ግቡ።

ተረኛዋ ነርስ ለሕመሙ ኢቡፕሮፌን ይዛልኝ መጣች። ባይፓስ እንደተሠራሁ ነግሬ መለስኳት፤ ለእኛ ጨጓራ ያቆስላል። እሷም አመስግና በሌላ ቀየረችልኝ። ተቋሙ ጥሩ ቢሆንም ሰው ይዘነጋል። አፋችሁን ከፍታችሁ ተናገሩ።

ሦስተኛው ጭን ነበር። ብቻውን፣ ሦስት ሰዓት። ከሁሉ አጭሩ ነው፣ ያስቸገረኝም እሱ ነው። በ12ኛው ቀን ብሽሽቴ ላይ ስፌቱ ተከፈተ፤ ሁለት ጣት የሚያህል። ቦታው እርጥብ ነው፣ ይታጠፋል፣ በተራመድኩ ቁጥር ይሳባል። በየቀኑ እየታጠበና እየታሸገ በሰባት ሳምንት ተዘጋ። አመረቀዘ ብዬ ስደናገጥ ሐኪሟ አይተው «ንጹሕ ነው፣ ትዕግሥት ብቻ ነው የሚፈልገው» አሉኝ። የቁስል መከፈት ብዙ ኪሎ በቀነስን ሰዎች ላይ በጣም የተለመደ መሆኑን ያኔ ነው የተረዳሁት። አንድ ቁስል ስንከባከብ ያን ያህል ከደከምን፣ አምስት ቦታ ቢሆን እህቴ ሥራዋን ትለቅ ነበር።

አሁን ለሚጠይቁኝ ሰዎች የምላቸው ይህን ነው። ሐኪማችሁን «ባንዴ ይሠራል ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ አዎ ማለት ቀላል ነው። «ስንት ሰዓት? ስንት ሐኪም? ከስድስት ሰዓት ካለፈ መሃል ላይ አቁማችሁ ሌላውን ለሌላ ቀን ትተዉታላችሁ?» በሉ። የኔ ሐኪም ለዚህ «አቆማለሁ» ብለው በወረቀት ጽፈው ሰጡኝ። ቢያስፈልግ የሚሰጥ ደም በቅርብ አለ ወይ፣ የጽኑ ሕሙማን ክፍል አለ ወይ፣ ማታ የሚያድር ሐኪም አለ ወይ በሉ። «እግረ መንገዳችንን ትንሽ ስብ እንመጥልሻለን» ከተባላችሁ ትንሽ ማለት ስንት ሊትር እንደሆነ ይነገራችሁ። ከ5 ሊትር በላይ ሲሆን ሆስፒታል አድሮ መታየት ያስፈልጋል። ሩቅ ሄዳችሁ የምትሠሩ ከሆነ ቶሎ አትመለሱ። የኔ ደም የረጋው በዘጠነኛው ቀን ነው፣ ጭኔ የተከፈተው በ12ኛው። ያኔ አውሮፕላን ላይ ብሆን ኖሮ ማን ያየኝ ነበር?

ከተሠራችሁ በኋላ ደግሞ የአንዱ ባት ማበጥ ወይም ሕመም፣ ትንፋሽ ማጠር፣ የደረት ውጋት፣ ደም የቀላቀለ ሳል ከመጣ እስኪነጋ አትጠብቁ፤ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ትኩሳት ከ38 ካለፈ ደውሉ። እኛ ይህን ወረቀት ላይ ጽፈን በሩ ላይ ለጥፈነው ነበር።

ባለፈው ወር አንዲት የማውቃት ልጅ ሆዷንና ጡቷን ልትሠራ ቀጠሮ ያዘች። አራት ሰዓት ነው የተባለችው፣ ደሟ ጥሩ ነው፣ አታጨስም። ደስ ብሎኝ ሸኘኋት። እህቴ ያችን የስፌት ሜትር ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠቻት። ከመግባቷ በፊት የሁለቱንም ባቷን ልክ አስለክታ ደብተሯ ላይ አስጻፈቻት፤ በኋላ የምታመዛዝነው ነገር እንዲኖራት።